የሌስተር ናንኪቬል ፍርሃትና የክላሪ ካልሲ

የወደብ ከተማችን የዋላሩ ሕዝብ ሆይ፣ ጆሮህን አቅና! ወደቡ ላይ ያለህ፣ በእህል ጎተራው ጥላ የተጋደምህ፣ ሚስትህ ዳቦ ግዛ ብላ ልካህ ቢራ ቤት የቀረህም ጭምር! ሌስተር ናንኪቬል፣ ሣር ላይ ኳስ የምናንከባልልበት ክለባችን የበግ ሥጋ የሚያሸልም ሎተሪ አዟሪ፣ የጥርስ ሐኪም ባላንጣ፣ ከውሻ ጋር አንድ መንገድ የማይጋራው ሰው፣ ስለ ሰው ልጅ ደኅንነት ሲል ሁለት ኩላሊቶቹን በሳይንስ ግንባር ማሰለፉ ተነግሮሃል! የማያምን ካለ መጥቶ ክንዱን ይመልከት፤ በመርፌ ብዛት ወንፊት መስሏል።

አዋጁ የእኔ ነው። ሌስ ራሱ ቢያውጀው ኖሮ «ይቅርታ፣ ካላስቸገርኩ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ይጨርሰው ነበር።

ሌስ ፈሪ ነው። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ሚስቱ ኖሪን ከሰርጓ ቀን ጀምራ ስትናገረው የኖረችው ነው። ጸደይ ሲገባ ማግፓይ የሚባሉት ጥቁርና ነጭ ወፎች ጎጇቸውን ሲጠብቁ ያላፊ አግዳሚውን አናት ይጠቀጥቃሉ። የዋላሩ ወንድ ተጠቅጥቆ፣ ደሙ በግንባሩ እየወረደ «ምንም አይደል» ብሎ ያልፋል። ሌስ ግን እንደ ተማሪ ሕፃን የአይስክሬም ባልዲ ደፍቶ፣ በማጅራቱ በኩል ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሥሎበት ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። ወፎቹ የማይነኩት ዓይኖቹን ፈርተው ሳይሆን ለእሱ አፍረው ነው ይባላል።

ዕድሜውን የፈጀው በእህል ጎተራው በር ላይ ነው። በየመኪናው የሚመጣውን ስንዴ በረጅም ቱቦ እየወጋ ናሙና ያወጣል፤ ነቀዝ ከተገኘበት ጭነቱ ይመለሳል። አንድ ሙሉ መኪና ስንዴ ይዞ ፀሐይ ሲጠብሰው የዋለን ገበሬ «ነቀዝ አለበት» ማለት የልብ ጉዳይ ነው። ሌስ ልብ ስላልነበረው «ጭነቱ ተመልሷል» የሚለውን ቀይ መብራት ያበራና ከዳሱ በስተጀርባ ሄዶ ይደበቃል። ገበሬው መሬት ረግጦ፣ እናቱን ሰድቦ ሲሄድለት ይወጣል። እንዲህ እየተደበቀ ጡረታ ወጣ። አንድም ነቀዝ ግን አላሳለፈም፤ ይህን መካድ አልችልም።

ከጡረታው ጋር ስኳር መጣ፤ ስኳሩ ኩላሊቶቹን እንደ ነቀዝ ይቦረቡራቸው ጀመር። የሚቀጥለው የእጥበት ማሽኑ እንደሆነ ሐኪሙ ነገረው። ሌስ ማሽኑን ያውቀዋል። ታላቅ ወንድሙ ስታንሊ ማሽኑ ላይ ከርሞ፣ እንደ ታጠበ መወልወያ ግራጫ ሆኖ ሆኖ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ የፈረስ እሽቅድምድም በቴሌቪዥን እያየ እዚያው ወንበሩ ላይ አለፈ። እሽቅድምድሙ እስኪያልቅ ድረስ መሞቱን ያወቀ አልነበረም። ሌስ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሻውም፣ የጥርስ ሐኪሙም፣ ወፏም ተራ ፍርሃት ሆኑ፤ ከሁሉም አናት ላይ ያ ወንበር ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ነው ክላሪ ትሬጌንዛ የገባው። ክላሪ የወደብ ጫኝ የነበረ፣ አንገቱና ጭንቅላቱ አንድ ውፍረት፣ ሳቁ ከመርከብ ጥሩንባ የማይተናነስ የሌስ ጎረቤት ነው። እሱንም ያው ስኳር ያው ቦታ ይዞታል። አዴሌድ ከተማ፣ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ፣ ከጤነኛ ሰዎች መቅኔ የተወሰዱ ሴሎች በደም ሥር ተሰጥተው የታመመ ኩላሊትን ያግዙ እንደሆን ሊሞከር ነው የሚል ወሬ ሰማና ሌስን በአንገትጌው ይዞ በፒካፑ ጭኖ ወሰደው።

ዶክተሯ ደግ ሴት ነበረች፤ አልዋሸችም። «መጀመሪያ የምናየው ማዳኑን አይደለም፤ አለመጉዳቱን ነው» አለች። «ጥቂት ሰዎች ትንሽ ይወስዳሉ። እነሱ ደህና ከሆኑ ቀጣዮቹ በዛ ያለ ይወስዳሉ። ስለዚህ የሚሰማችሁን ሁሉ መንገር አለባችሁ። ሁሉን።»

«ከሰው በፊት በምን ሞከራችሁት?» አለ ሌስ።

«በአይጥ። ኩላሊታቸው በጣም ነው የተሻሻለው።»

«አሁን የት ናቸው?»

ዶክተሯ ነርሷን አየች። ነርሷ ጃስፕሪት ወለሉን አየች።

«ውስጣቸውን ለማየት… ያው፣ መክፈት ነበረብን።»

«ተሽሏቸው ሞቱ ማለት ነው?»

ክላሪ ጠረጴዛውን በጥፊ መትቶ ሳቀ። «አይዞህ ጓዴ! አንተን ማን ይከፍትሃል? ውስጥህ ድንች ብቻ እንደሆነ ዋላሩ ሁሉ ያውቃል!»

ፈረሙ። ክላሪ ትንሹን መጠን ከሚወስዱት ሆነ፤ ሌስ ለቀጣዩ፣ ለበዛው ተመደበ። በሌላ አነጋገር ክላሪ ድልድዩን ይሻገራል፤ ድልድዩ ካልተሰበረ ሌስ ከባዱን ሸክም ተሸክሞ ይከተላል። ፈሪ ሰው ሁለተኛ መሆን ይወዳል፤ ሌስም ተራውን ሲሰማ እፎይ አለ። የዋህ!

የዋህ ያልኩት የኛን አገር ልማድ ስለዘነጋ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ዋላሩ ውስጥ ግን በሽታውን ያልደበቀ ወዳጅ የለውም። እኛ አንታመምም፤ «ትንሽ ደከም» ይለናል። እግራችን ቢቆረጥ «ጫማ ተረፈኝ» እንላለን። አያቶቻችን ከመዳብ ጉድጓድ ሥር ሳንባቸውን እየተፉ ሲወጡ «እንዴት ዋልህ?» ቢባሉ «ክፉ አይደለም» እያሉ ነው የተቀበሩት፤ እኛም ይህን ጀግንነት ብለን ወርሰነዋል። ከዚህም የባሰ ሁለተኛ ሕግ አለን፦ በባልንጀራህ ላይ አታሳብቅ። በወደቡ ሥራ ዘመን አንድ ሰው ጓደኛው የተሰበረ ወገቡን ደብቆ ጆንያ መሸከሙን ላለቃው ተናገረ። ጓደኛው ከሥራ ወጣ፤ ወገቡ ግን ዳነ። ተናጋሪው እስኪሞት ድረስ ቢራውን ብቻውን ጠጣ፤ ሲቀበርም ቄሱና ውሻው ብቻ ተገኙ። ስሙን አልጽፍም። አውቀዋለሁ፤ አልጽፍም። እኔስ የማን ልጅ ሆንኩና?

ክላሪ ሴሎቹን ወሰደ። ሐኪሞቹ እዚያው አሳድረው መረመሩት፤ ምንም አልነበረበትም። ክለብ ተመልሶ በሽተኛ አልጋ ላይ ስለተሰጠው ፓስቲ የሚባል ደረቅ የሥጋ ዳቦ እያማረረ ሰው አሳቀ። ከዚያ በኋላ የሚጠበቅበት ጃስፕሪት ስልክ ስትደውል እውነቱን መናገር ብቻ ነበር። ይህ ግን ለክላሪ ጆንያ ከመሸከም ይከብድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሣሩ ላይ ኳስ ሲያንከባልሉ ክላሪ ጎንበስ ብሎ መነሳት አቃተው። ሌስ ክንዱን ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። ክለባችን ነጭ ቁምጣና እስከ ጉልበት የሚደርስ ነጭ ካልሲ ያስለብሳል፤ የክላሪ የግራ ካልሲ እንደ ቋሊማ ተወጥሮ ነበር። ሌስ በጣቱ ጫፍ ዝቅ አደረገው። ባቱ ቀልቶ ያብረቀርቃል፤ ላስቲኩ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ቦይ ሠርቷል። ዳበሰው፤ ይፋጃል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ባት ነው። አይተህ አታውቅም?»

«ክላሪ፣ ለጃስፕሪት ንገራት።»

ክላሪ ካልሲውን ወደ ላይ ሳበ። ሳቁ ፊቱ ላይ አልነበረም፤ ሌስን በመጀመሪያ ያስደነገጠው እሱ ነው።

«ስማ፣ አንተ ቦቅቧቃ። ይህን ከነገርኳት ሙከራውን ይዘጉታል። ከተዘጋ እኔም አንተም ማሽኑ ላይ ነን። የስታንሊ ወንበር ላይ። እሱን ነው የምትፈልገው?»

«አይደለም፤ ግን…»

«የተሰበረ ጎድን ይዤ መርከብ ሙሉ ስንዴ ጭኛለሁ። እብጠት ይጎድላል፤ ከተዘጋ አፍ ደግሞ ዝንብ አይገባም። ደግሞ አሳባቂ እንዳልሆንክ ነው የማውቀው፤ ነህ እንዴ?»

ሌስ አይደለሁም አለ።

ማክሰኞ ስልኩ ሲደወል ሌስ የክላሪ ወጥ ቤት ተቀምጦ ነበር። ክላሪ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ መለሰ፦ «ምንም አይደለም የኔ እህት… ሕመም? ከሚስቴ በቀር የለብኝም… እብጠት? ሆዴ ነው፤ እሱም ከቢራ ነው… ክፉ አይደለሁም፣ ክፉ አይደለሁም።» ስልኩን ዘግቶ ጥቅሻ ሰጠው። እነሆ የሳይንስ መሠረት! ሙከራውን የሚቆጣጠሩት የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው «ክፉ አይደለሁም» የምትለዋን ቃል መዝነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው ብለው ለሁለተኞቹ በሩን ከፈቱ። ሌስ ተጠራ።

እስኪሄድ ድረስ የነበሩትን ቀናት ምን ልበላችሁ? በሁለት ጉድጓድ መካከል የቆመ ሰው አይታችሁ ታውቁ እንደሆን። ቢናገር ወንበሩ፤ ወንበሩም ባይደርስበት ብቻውን የሚጠጣው ቢራ። ዝም ቢል ደግሞ ያ ባት፤ ያ ባት በሱ ላይ በእጥፍ። ክላሪ የወሰደው ትንሹን ነውና። ምግብ አልወርድልህ አለው፤ የገዛ ባቱን እየደጋገመ ይዳብሳል፤ የበሩ ደወል ሲጮህ ይዘላል። ኖሪን አላየችም ማለት አይቻልም።

«ምን ሆነሃል?»

«ደህና ነኝ።»

«ደህና የሆነ ሰው ሽንት ቤት ውስጥ ቁጭ ብሎ አያለቅስም።»

«ሽንኩርት ነው።»

«ሽንት ቤት ውስጥ?» አለች ኖሪን፤ ከዚያም የዋላሩ ሴት ናትና ትታው ሄደች።

ወደ አዴሌድ የወሰደው ክላሪ ራሱ ነው፤ ሌላ ማን ይወስደዋል ብሎ። የፒካፑን ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ከንፈሩን ይነክሳል፤ ሌስ በመስኮት የተጨዱትን ማሳዎች እያየ የክላሪን ከንፈር እንዳላየ ይሆናል። ሆስፒታሉ ጋ ደርሰው ከመኪናው ወርደው ሲሄዱ ክላሪ ደጋግሞ ይቆማል፤ በቆመ ቁጥር ጫማውን የሚያስር መስሎ ያጎነብሳል። ጫማው ማሰሪያ አልነበረውም። ሌስ ጓደኛው ሲያለከልክ ሰማ። እግር ያበጠ ሰው ለምን ትንፋሽ ያጥረዋል?

ሌስን ወንበር ላይ አስቀመጡት። የተደላደለ፣ ወደ ኋላ የሚዘረጋ፣ የስታንሊን የሚመስል ወንበር። መርፌው ገባ። ቀጥሎ ጭስ የሚተፋ ማቀዝቀዣ እየተገፋ መጣ፤ ጃስፕሪት በረዶ የሆነችውን ከረጢት አውጥታ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቀለጠቻት። ትንሽ፣ ደብዛዛ፣ ሩዝ የታጠበበት ውኃ የመሰለ ነገር ናት። ለዚህ ነው እንዴ ይህ ሁሉ፣ አለ ሌስ በልቡ። ክላሪ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አውራ ጣቱን አሳየው። ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኗል።

«አጎቴ ሌስ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለች ጃስፕሪት። በእሷ ወገኖች ዘንድ ትልቅ ሰው ሁሉ አጎት ነው።

«ደህና።»

«ሕመም፣ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር?»

«እኔ የለኝም።»

«እርስዎስ አጎቴ ክላሪ፣ እንዴት ሰንብተዋል?»

«እንደ ወይፈን!» አለ ክላሪ፤ ወይፈኑ ግን ቃሉን ለመጨረስ ትንፋሽ መበደር ነበረበት። ጃስፕሪት ፊቷ ወደ ከረጢቷ ስለነበር ጥፍሩን አላየችም። ቱቦውን አገናኘች፤ እጇ መክፈቻው ላይ ሆነ።

እንግዲህ ታሪክ ጸሐፊዎች ቢሆኑ እዚህ ላይ ሌስን ተነስ ብለው ንግግር ያስደርጉት ነበር። ሌስ አልተነሳም። እጁ ግን የወንበሩን ጎን ሲዳብስ አንድ ነገር አገኘ፦ በሽተኛ ሲጨንቀው የሚጫነው ቀዩ አዝራር። ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ የኖረውን ሠራ። ተጫነውና ዓይኑን ጨፈነ፤ የሚደበቅበት ዳስ ስላልነበረ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ሳበ።

ደወሉ ጮኸ፤ በሩ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ሰው እየሮጠ ገባ።

«አጎቴ ሌስ! የት አመመዎት?»

«እኔን አይደለም» አለ ከብርድ ልብሱ ውስጥ። «ካልሲውን… ካልሲውን ዝቅ አድርጊው።»

«ዝም በል ሌስ» አለ ክላሪ።

ጃስፕሪት ቱቦውን ቆልፋ ክላሪ እግር ሥር ተንበረከከች። ካልሲው አልወርድም ብሎ ታገላት።

«ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቢምቢ ነክሶኝ ነው።»

«ምን የሚያህል ቢምቢ አጎቴ? ፈረስ የሚያህል?»

የክላሪ ከንፈር እንደ ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። አልጋ መጣ፣ ኦክስጅን መጣ፣ ክላሪን አራት ሆነው አነሱት። በበሩ ሲወጣ ጭምብሉን ከፊቱ ገፍቶ ወደ ሌስ ዞረ። «አሳባቂ!» አለው። በሙሉ ትንፋሹ ብል ውሸት ነው፤ በቀረችው።

ባቱ ውስጥ ደም ረግቶ ነበር፤ ከረጋው ላይ ቁራጭ ተነስቶ ሳንባው ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። አንድ ሁለት ቀን ቢቆይ ኖሮ፣ አለች ዶክተሯ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችም።

«ሴሎቹ ናቸው ያመጡበት?» አለ ሌስ።

«አላውቅም። ሴሎቹ ሊሆኑ ይችላሉ። ረጅሙ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ኩላሊቱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ የካልሲው ላስቲክም ሊሆን ይችላል። እሱን ለማወቅ ነበር ስንጠይቀው የከረምነው።» ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ነበር። «ሙከራው ቆሟል ሌስ።»

ጃስፕሪት ከረጢቷን አንስታ ወደ ቢጫው ቆሻሻ መጣያ ወሰደቻት።

«የኔ ነበረች?»

«ነበረች።»

«መልሶ ማቀዝቀዝስ?»

«አንዴ ከቀለጡ አይመለሱም አጎቴ።»

ክዳኑ ሲዘጋ ሌስ ሰማው። ድምፁ፣ ይላል ኖሪን ስትጠይቀው፣ የስታንሊ ወንበር ወደ ኋላ ሲዘረጋ የሚያሰማው ድምፅ ነበር።

ወሬው ከሱ ቀድሞ ዋላሩ ገባ። ክፉ ቃል የተናገረው የለም፤ እኛ ክፉ አንናገርም። የሰፊው ሕዝብ ፍርድ በብርጭቆ ነው የሚገለጸው፦ ሌስ አጠገባችን ሲቀመጥ ብርጭቋችንን አንስተን ወደ ሌላ ጠረጴዛ እንሄዳለን። ዓርብ ማታ የበግ ሥጋውን ሳሕን ይዞ ቲኬት ሲያዞር ሁላችንም ኪሳችን ይጠፋናል። አንድ ዓርብ ኖሪን ብቻ ገዛች፤ ብቻዋን ስለነበረች አሸነፈች፤ በማግስቱ ናንኪቬሎች ሎተሪ አጭበረበሩ ተብሎ ተወራ።

ክላሪ ድኖ ተመለሰ። ደም ማቅጠኛ ይውጣል፤ መንገድ ላይ ሌስን ሲያይ ይሻገራል። ዘንድሮ ወፎቹ ጎጇቸው ላይ በተቀመጡ ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሌስ በሩን ሲከፍት አጥሩ ላይ አዲስ የአይስክሬም ባልዲ ተደፍቶ አገኘ። ከኋላው ሁለት ዓይኖች ተሥለውበታል፤ ከፊት ለፊቱ በወፍራም ጥቁር ቀለም «አሳባቂ» ተብሎ ተጽፎበታል። ክላሪ በስጦታና በስድብ መካከል ልዩነት አድርጎ አያውቅም። የሌስ አሮጌ ባልዲ ተሰንጥቆ ነበርና አዲሱን ደፍቶ ዳቦ ሊገዛ ወጣ።

አሁን የሚጠብቀው ስልክ ነው። ሙከራው ሊከፈት ይችላል ይላሉ፤ ከተከፈተ ስልክ ብቻ አይደወልም፣ እግር በእጅ ይዳበሳል፣ ሚስትም ትጠየቃለች። የሌስ ኩላሊት ግን ኮሚቴ አይጠብቅም። ጉልበቱ ሐኪሞቹ ካሰመሩት ገደብ በታች ከወረደ ሙከራው አይቀበለውም፤ ማሽኑ ይቀበለዋል። ለማሽኑ የሚሆነውን የደም ሥር ክንዱ ላይ ከወዲሁ አዘጋጅተውለታል፤ ጣቱን ሲያሳርፍበት እንደ ተያዘ ወፍ ይንዘፈዘፋል። ሙከራው ሳይከፈት እንዳይቀር ይፈራል፤ እንዳይከፈትበትም ይፈራል። ጃስፕሪት አልፎ አልፎ ደውላ እንዴት ነዎት ስትለው ከጠጉሩ እስከ ጥፍሩ ይዘረዝርላታል፤ የልጅቷ ምሳ ይቀዘቅዛል።

አንተ አንባቢ፣ ምናልባት ዓርብ ቀን በዋላሩ ካለፍህ ክለቡ ደጃፍ ላይ የበግ ሥጋ ሳሕን የያዘ ቀጭን ሰው ታገኛለህ። አንድ ቲኬት ግዛው፤ እኛ አንገዛም። ቲኬቱን ሲሰጥህ ዓይኑ ወደ ባትህ መሄዱ አይቀርም፤ «እንዴት ነህ?» ይልሃል። እባክህ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ያንጊዜ «ደህና» ብለህ አትለፈው፤ ይልቅ ካልሲህን…